ዳርቻ የሌለው ወንዝ በሙሉ ድምፅ ስለ መጽደቁ

የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ከባድ ኃላፊነት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ይህን ኃላፊነት ከሁላችን አብልጠው የተሸከሙት በአጭሩ ዋናው የምንላቸው ዋና ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። በሕይወታቸው አንድም የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫውተው ስለማያውቁ፣ በጨዋታ ፍቅር ተሸንፈው ያዳላሉ ተብለው አይጠረጠሩም። ወደ እኛ የመጡት ከፍራሽ ፋብሪካ ነው። እዚያ በአሥራ ስምንት ዓመት ያካበቱት ልምድ ሰው አንዴ ከተጋደመ እንዳይነሳ ማድረግ ስለ ነበር፣ ቦርዱ "የእኛም ሥራ ይኸው አይደል?" ብሎ በጭብጨባ ተቀበላቸው።

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በስብሰባ የተባለውን እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ማኅተም አስመትቼ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። የራሴ አስተያየት የለኝም፤ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ አስተያየት የሚባል ተግባር አልተዘረዘረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ አድናቆት እንጂ ሐሜት አለመሆኑ ይያዝልኝ።

ነገሩ የጀመረው በዲዛይነሯ ነው። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ አንድ ጨዋታ ስትሠራ ኖረች። ጨዋታው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ አንድ ሽማግሌ ጀልባው ላይ ያሳፍረዋል፤ አብረው ይቀዝፋሉ፣ ያወራሉ፣ ጉም ውስጥ ገብተው ይጠፋፋሉ፣ ተገናኝተው ይሳሳቃሉ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ማዶ ይደርሳሉ። ሽማግሌው "ደረስን። በል ውረድ፣ ቤት ይጠብቁሃል" ይላል፤ ጨዋታውም ራሱን ዘግቶ ይጠፋል። መሃል ላይ የሰለቸው ሰው ደግሞ ሽማግሌውን "መልሰኝ" ካለው፣ ጀልባው ወደተነሱበት ዳር ይመልሰውና እዚያም ይዘጋል። ሌላ መውጫ ቁልፍ አልተሠራለትም፤ አላስፈለገውማ።

ለግምገማ የተሰበሰብነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ዘጠኝ ሰው በሚይዝ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሆነን ነበር። በእኛ አሠራር ጨዋታ ለግምገማ ይቀርባል እንጂ አይጫወቱትም። ሠሪው በቃሉ ያስረዳል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ኮሚቴው የጻፍኩትን ገጽ በገጽ ይገመግማል። በዚህ ዘዴ እስከ ዛሬ ሰላሳ አንድ ጨዋታ ያሳለፍን ሲሆን አንድም የኮሚቴ አባል ጣቱን አላመመውም።

"ስንት ነው ያልሽው?" አሉ ዋናው።

"አሥራ ሁለት ደቂቃ።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ማለትሽ ነው?"

"ደቂቃ።"

ዋናው መነጽራቸውን አወለቁ። "እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ ያልቃል።"

"ሲያልቅ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል?"

"ይነሳል። መስኮት ይከፍታል፣ ሰው ያናግራል፣ የፈለገውን ያደርጋላ።"

የገበያ ክፍል ኃላፊው ደንገጥ ብሎ ወደ ፊት ሳብ አለ። "ምን ዓይነት ሰው? ከእኛ ተጫዋቾች ውጪ ያለ ሰው?"

ዲዛይነሯ ሳቀች። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ያለችውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። "ልጆች ሆነን ደጅ ስንጫወት እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ 'በቃ ግቡ' ትለን ነበር። ያኔ እናኮርፍ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጨዋታውን ያጣፈጠልን እሷ ናት። ማንም ባይጠራን ኖሮ እስክንሰለች ሮጠን፣ ተደባድበን፣ ተጠላልተን እንበተን ነበር። አሁን እኛ የምንሠራቸው ጨዋታዎች እኮ ሰው ይጫወታቸዋል እንጂ አይወዳቸውም። ጠዋት ገብተህ ስጦታህን ውሰድ፣ ማታ ካልገባህ ያጠራቀምከው ይጠፋል... ይኼ ሥራ ነው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው ሥራ። እኔ 'በቃ ግቡ' የሚል ሰው ጨዋታው ውስጥ እንዲኖር ነው የፈለግኩት። ሽማግሌው እናቴ ናት።"

እውነቱን ለመናገር እኔም እስክሪብቶዬ ቆሞብኝ ነበር።

"እናትሽን እናከብራለን" አሉ ዋናው በመጨረሻ። "ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ አቋም እናት ልጇን እንዳትጠራ ነው። ወንዙ ይርዘም።"

"በምን ያህል?" አለ የገበያ ክፍል ኃላፊው።

"እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ።"

ከሁለት ሰዓት ውይይት በኋላ የሚከተለው ጸደቀ፦ "የማዶው ዳርቻ የተጫዋቹን የመቆየት ፍላጎት የሚሸረሽር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የመነሻው ዳርቻም የማዶውን ዳርቻ የሚያስታውስ በመሆኑ፣ ሁለቱም ለጊዜው እንዲነሱ፤ በምትካቸው ለሽማግሌው ሰባት ዓይነት ባርኔጣ ተዘጋጅቶ ለሽያጭ እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ሙሉ ድምፅ ያልኩት የዲዛይነሯ ድምፅ ስለማይቆጠር ነው። እሷ ባለሙያ እንጂ ኮሚቴ አይደለችም።

"ዳር ከሌለ እኮ መውጫ የለም" አለች ልጅቷ። "ሰው ከገባ በኋላ በምን ይወጣል?"

"እሱ ቴክኒክ ነው" አሉ ዋናው። "ቴክኒክ ሐሙስ ነው የምናየው።" ሐሙስ ስብሰባው በባርኔጣዎቹ ቀለም ላይ ስላለቀ ቴክኒኩ ሳይታይ ቀረ።

ጨዋታው ወጣ። ሕዝቡም ገባ። ከገባ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ስለ ቆጣሪያችን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ጨዋታውን ሲከፍት "ገባ" የሚል መልእክት ይደርሰናል። ጨዋታው በደንቡ ሲዘጋ ደግሞ "ወጣ" የሚል መልእክት ይደርሰናል። "ወጣ" ያልተባለለት ሰው ሁሉ እየተጫወተ ነው። ይህን ቆጣሪ የሚጠብቀው፣ ስንጠራው ግራፍ የምንለው ሠራተኛ ነው፤ በጣም ትሑት ሰው ነው፣ ቁጥር ሲወጣ አብሮ ይቆማል፣ ቁጥር ሲወርድ አብሮ ይቀመጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ግራፍ ከወንበሩ ተነሳ። በሁለተኛው ሳምንት አልተቀመጠም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ መቶ አርባ ሺህ ሰው ያለ እረፍት ይጫወት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ አማካይ ተጫዋች በቀን ሃያ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መጫወት ጀመረ።

"ሃያው ደቂቃ ከየት መጣ?" አልኩት ግራፍን ቀስ ብዬ።

"አንዳንዱ ሰው ሁለት ኮምፒውተር አለው ጋሼ" አለኝ። "ፍቅር ነው።"

በአሥረኛው ሳምንት ዲዛይነሯ የዋናው ቢሮ ገባች። እኔም ውይይት ካለ ቃለ ጉባኤ ይኖራል በሚለው መመሪያ መሠረት ተከትያት ገባሁ።

"ሰዎቹ እየተጫወቱ አይደለም" አለች። "መውጫ ሲያጡ ሶኬቱን ነቅለው ነው የሚሄዱት። ሶኬት ሲነቀል 'ወጣ' የሚል መልእክት አይመጣም።"

"ማስረጃ አለሽ?"

"ሰው ስልሳ ቀን ሳይተኛ አይቀዝፍም!"

ዋናው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰውን በጣም ትንቂያለሽ። የአንቺ ችግር እሱ ነው። እኔ በሰው ላይ እምነት አለኝ።" ቀጥለውም አዲስ ዕቅዳቸውን አበሠሩን። ከሁሉም የበለጠውን ታማኝ ተጫዋች ቤቱ ድረስ ሄደው ይሸልማሉ። መጫወቻ ስሙ "ምላጭ" ይባላል፤ ከጀልባው ሳይወርድ ቅዳሜ ስልሳ ሰባት ቀን ይሞላዋል።

"እንግዲያው እሱን እንጠይቀው" አለች ዲዛይነሯ። "መጨረሻ ካልፈለገ አፌን እይዛለሁ።"

"ጥሩ። ታማኛችን መጨረሻ ከጠየቀ ሁለቱንም ዳርቻ በክብር እመልሳለሁ። ካልጠየቀ ግን ያንን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ነገርሽን ከኮምፒውተሮቻችን ላይ ጠርገን እንጥለዋለን። ቦታ ይዟል። ይመዝገብ።"

መዘገብኩ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ልጅቷ ክንዴን ያዘች። "ጋሼ፣ የሦስት ዓመት ልፋቴ ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? አስተያየት የሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም አልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስድስት ሆነን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። ዋናው የሦስት ገጽ ንግግር ይዘዋል። ግራፍ በፍሬም የተሠራ የምስክር ወረቀት ተሸክሟል። የግዢ ክፍሉ አበባ እንዲገዛ ታዞ ስለ ነበር፣ ዋጋ አወዳድሮ ለቀብር የሚሆን ትልቅ ጉንጉን ገዝቷል። አድራሻው አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ሆና ተገኘች። ሁለት መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ፊቱን እስከ ግማሽ አረፋ የተቀባ ደንበኛ፣ ምላጭ የያዙ አንድ ወፍራም ፀጉር አስተካካይ።

ፀጉር አስተካካዩ ጉንጉኑን አይተው ምላጫቸውን አወረዱ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አሉ ዋናው፤ ወረቀታቸውንም ዘረጉ። "ክቡር ምላጭ! በዘመናችን ታማኝነት በጠፋበት፣ ሰው ከጀመረው ነገር ላይ እየተነሳ በሚሄድበት በዚህ ወቅት፣ እርስዎ ስልሳ ሰባት ቀንና ሌሊት ከጀልባው ሳይወርዱ..."

"እኔ?"

"እርስዎ።"

"የምን ጀልባ?"

ዲዛይነሯ ጨዋታውን በሁለት ቃል አስታወሰቻቸው። ሰውየው ግንባራቸውን መቱ። "እ! ያ ሽማግሌ! አዎ፣ ደንበኛ ጠፍቶ አንድ ቀን ከፈትኩት። ደስ ሲል። አራት ደቂቃ ያህል ቀዘፍኩ። ከዚያ ደንበኛ መጣ፣ ልወጣ ብል በየት በኩል? ሽማግሌውን መልሰኝ ብለው ባርኔጣ ግዛ ይለኛል። ሶኬቱን ነቀልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ኮምፒውተሩ ይኸውና።" ጥግ ላይ ያለ የፎጣ ቁልል አሳዩን። ከፎጣዎቹ ሥር የኮምፒውተር ጠርዝ ይታያል።

ግራፍ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ የተቀመጠውም ባዶው ወንበር ላይ ስለ ነበር ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ መስሏቸው በልማድ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አደረጉለት።

ዋናው ግን ዓይናቸውን አላሹም። "ሶኬት ነቀሉ እንጂ አልወጡም" አሉ። "በእኛ አሠራር ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ልብዎ አሁንም ጀልባው ላይ ነው።"

"ልቤ እዚህ ሰውዬ ጉንጭ ላይ ነው" አሉ ፀጉር አስተካካዩ። "እንዳልቆርጠው።"

"ምን ቢኖረው ይወዱ ነበር?" አለች ዲዛይነሯ።

"ዳር ነዋ! የት እንደምደርስ ሳላውቅ ምን ያስቀዝፈኛል?"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ዋናውም ወደ እኔ ዞሩ። "ዳር አሉ እንጂ መጨረሻ አላሉም" አሉ። "እንደተባለው ይጻፍ።"

እንደተባለው ጻፍኩ። እዚህ ላይ ነው ዲዛይነሯ ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ፣ ፎጣዎቹን አንድ ባንድ አንስታ ወንበር ላይ የደረደረችው። ሶኬቱን ሰካች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ የራሷን ወንዝ ከሁለቱ ዳርቻዎቹ ጋር ጫነች። "አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ" አለች።

"እኔስ?" አለ አረፋ የተቀባው ደንበኛ።

"አንተ ጢምህ የት ይሄዳል" አሉት ፀጉር አስተካካዩና ተቀመጡ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሰውየው ቀዘፉ። ሽማግሌው ቀለደባቸው፣ መልሰው ቀለዱበት። ጉም ውስጥ ሲገቡ ትንፋሻቸውን ያዙ። ደንበኛው አረፋው ጉንጩ ላይ እንደ ደረቀ ከኋላቸው ቆሞ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!" ይላል። የግዢ ክፍሉ ሰው ጉንጉኑን አስቀምጦ ተጠጋ። ግራፍ እንኳ ከነፎጣው ተነሳ። ከዚያ ማዶው ታየ፤ ሽማግሌው የሚለውን አለ፤ ስክሪኑም ራሱን ዘጋ።

ፀጉር አስተካካዩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"አለቀ?"

"አለቀ" አለች ዲዛይነሯ።

"እንዴት ደስ ይላል። ለወንድሜ ልደውልለት። ከተኮራረፍን ስንት ጊዜያችን ነው።" ስልካቸውን አውጥተው በእርግጥ ደወሉ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እኔም እስክሪብቶዬ የወደቀ አስመስዬ አጎነበስኩ።

በዚያው ሰዓት የግራፍ ስልክ ጮኸ። ጨዋታው በዚያው መጫወቻ ስም ተከፍቶ በደንቡ ስለ ተዘጋ፣ በስልሳ ሰባት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው የ"ወጣ" መልእክት ደርሶን ነበር።

"ምላጭ ወጣ" አለ ግራፍ በደከመ ድምፅ።

ዋናው ደነገጡ። ታማኛቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከወንድማቸው ጋር በስልክ እየሳቁ ቆመዋል፤ ዋናው ግን ያዩት ስልኩን ነው። "ማን አስወጣው?" አሉ። "ስልሳ ሰባት ቀን የገነባነውን ማን ነው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያፈረሰው?"

ሰኞ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ዲዛይነሯ የመሥሪያ ቤቱን ምርጥ ተጫዋች ወደ ሕይወቱ በመመለስ ወንጀል ከሥራ እንድትሰናበት ተወሰነ።

"መጨረሻው ተጠርጎ ይጣል ያሉት ነገርስ?" አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ተኝታ ያደረች ትመስል ነበር።

"የማንፈልገውን ነገር ምን አደከመን? መጨረሻሽንም፣ ዳርቻሽንም፣ ሽማግሌሽንም ይዘሽ ሂጂ" አሉ ዋናው።

እኔ የተባለውን እጽፋለሁ። ጻፍኩት፣ አስፈረምኳቸው፣ ማኅተም አስመታሁበት፤ ንብረትነቱም በሕጋዊ ሰነድ ወደ እሷ ዞረ። በዓመታት አገልግሎቴ እንደዚያ በፍጥነት ያስመታሁት ማኅተም የለም።

ዋናው ግን አልበረደላቸውም። "ይህ አደጋ እንዳይደገም" ብለው ለግራፍ ትእዛዝ ሰጡ፦ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ መውጫ፣ መዝጊያ፣ ማብቂያ፣ መሰናበቻ የሚባል ነገር እንዳይገኝ።" ግራፍ ታዛዥ ሰው ነው። የትኛው ኮምፒውተር ብሎ አልጠየቀም። ከምሳ በፊት እነዚህን ቃላት ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ ፍቆ ጨረሰ።

ከምሳ በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊዋ የስንብቱን ደብዳቤ ልታዘጋጅ ብትቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ቅጥር፣ እድገትና ሽልማት ብቻ እንጂ ስንብት የሚባል ነገር አያውቅም። የሰዓት መቆጣጠሪያውም ቢሆን "ገባ" እንጂ "ወጣ" አይልም። ሰኞ ጠዋት ጣታችንን አሳርፈን የገባን ሰማንያ አራት ሠራተኞች እንደገባን ቀረን። ይህን ለመረዳት ለሠራተኛው አንድ ቀን በቃው። ረቡዕ ዕለት ቢሮው ውስጥ የሚሰማው የቧንቧ ጠብታ ብቻ ነበር፤ ቆጣሪው ግን መቶ በመቶ የሚሆን ሠራተኛ ሌት ተቀን በሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። ዋናው በየማለዳው እሱን እያዩ ይረካሉ። ወንበሮቹን ለማየት ጊዜ አላገኙም።

ዲዛይነሯ ደግሞ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጓዳ ተከራይታለች። ወንዟን ከነዳርቻዎቹ አውጥታለች፤ ሰው ይገባል፣ ይቀዝፋል፣ ይደርሳል፣ ይወጣል። ስንት እንደሆኑ አልቆጠረችም። ደመወዟ ከመሥሪያ ቤታችን በየወሩ ሳይዛነፍ ይገባላታል፤ እንዲያውም ባለፈው ወር እርከን ጨምራለች።

በአርባኛው ቀን ዋናው የዓመቱን ትጉህ ሠራተኛ ለመሸለም ጠቅላላ ስብሰባ ጠሩ። ቃለ ጉባኤ ያለ ያዥ ስለማይሆን እኔ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ አራት ወንበር፣ እሳቸውና እኔ ነበርን። ለሁለት ሰዓት ተናገሩ። "አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ከወንበሯ ያልተነሳች" ብለው የዲዛይነሯን ስም ሲጠሩ ባዶ ወንበር ላይ የምስክር ወረቀት አኖሩ።

"ሞቅ ያለ ጭብጨባ ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

ጻፍኩ።

"በል እንግዲህ ስብሰባውን ልዝጋ።"

የቃለ ጉባኤ ቅጹን ገልጬ አሳየኋቸው። "ስብሰባው በዚህ ሰዓት ተዘጋ" የሚለው መስመር የለም። "በትእዛዝዎ ተነስቷል" አልኳቸው።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት። "እና አሁን እንዴት ነው የሚወጣው?"

"ተነስቶ በበሩ ነው እንጂ።"

"ሳይመዘገብ?"

"ሳይመዘገብ።"

ዋናው ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔ ማስታወሻዬን አጥፌ ወጣሁ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። መሥሪያ ቤታችን ስንት ዓመት የደከመለትን አንድ እውነተኛ ታማኝ በመጨረሻ አገኘ።